የጥንቸል ኮሌታ

ጥንቸል ነጭና ለስላሳ ናት፣ ልጆች ይወዷታል የሚል ሰው ጥንቸል አርብቶ አያውቅም። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። የጥንቸል ሽንት አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሲደርቅ ሽቦው ላይ እንደ ኖራ ይጋገራል፤ በቢላ ፍቄ፣ በሆምጣጤ አሽቼ፣ በበረኪና አጥቤ ሳበቃ በማግስቱ ሌላ ተጋግሮ ይጠብቀኛል። ፀጉሩ ይበናል። ሻይ ውስጥ ይገባል፣ የጥርስ ብሩሽ ላይ ይለጠፋል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ባለቤቴ አስራ አምስት ግልገሎች አምጥታ ከመኝታ ክፍላችን ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ በሽቦ ሳጥን ስትደረድራቸው «ወይ እነሱ ወይ እኔ» ብያት ነበር። «አንተማ በፉርሽካ አታድግልኝም» ብላ ሳቀችና የሳጥኑን በር ዘጋች።

መቼም ጸያፍ ነገር እኔን ፈልጎ ነው የሚመጣው። የምሠራው ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ወንፊት ላይ። ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሲሆን ሌላው ሰው ሁሉ ሳሙና ይለኛል። ነቀዝ ባየሁ ቁጥር እጄን እስከ ክርኔ ስለምታጠብ ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ነቀዝ የማይታይበት ሰዓት የለም። ኪሴ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የግሌ ሳሙና አለ፤ የሰው ሳሙና አልነካም፣ የሰው ሳሙና ላይ የሰው ፀጉር አይጠፋም። ቀበቶ የምንለው ጓደኛዬ፣ የማሽኖቹን ቀበቶ የሚቀይረው ቀጭን ሰውዬ፣ «አንተ ስትሞት አስከሬን አጣቢ ሥራ ይፈታል፣ ታጥበህ ነው የምትደርሰው» ይለኛል።

እንዲህ የምጸየፈው እኔ ያገባሁት ሽንፍላ አጣቢ ነው። አትሳቁ። ባለቤቴ ቄራ ውስጥ፣ አንጀትና ሽንፍላ የሚታጠብበት ክፍል፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ስንተዋወቅ «ቄራ እሠራለሁ» ስትለኝ ቢሮ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ወድጃት ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከሥራ ስትመለስ ደጅ ያለው ቧንቧ ላይ ትታጠባለች፣ ልብሷን ላስቲክ ውስጥ ቋጥራ እዚያው ትተዋለች፣ ከዚያ ገብታ እንደገና ትታጠባለች። ይህን ሁሉ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ አድርጋ አጠገቤ ስትጋደም ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሽታው ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ፣ እኔን ግን ይሸተኛል። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም። ትቀልድብኛለች እንጂ። እራት ላይ «ዛሬ ከአንድ በሬ ሆድ ምን እንደወጣ ልንገርህ?» ትልና መልሴን ሳትጠብቅ ሙሉ ካልሲ፣ ወይም የበር ቁልፍ፣ ወይም ሁለት ክንድ ገመድ እንደወጣ ትነግረኛለች። ግማሹ ውሸት ነው። እኔ ሳህኔን ገፍቼ ስነሳ የእኔንም ድርሻ ትበላዋለች።

ይህን ሥራ መተው ፈለገች። ጣቶቿ በፍል ውሃ ተልጠዋል፤ ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ ይመግላል፤ ብርድ ሲሆን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። ከሰፈራችን በላይ ያለው ትልቅ ሆቴል ሼፍ ሥጋ ሊመርጥ ቄራ ሲመጣ ያውቃታል። የጥንቸል ሥጋ የሚጠይቁ እንግዶች እንዳሉትና አቅራቢ እንዳጣ የነገራት እሱ ነው። ቃሉ ግልጽ ነበር። አስራ ሁለተኛ ሳምንታቸውን የያዙ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ አስራ ሁለት ጥንቸሎች በአንድ ቀን ካሳየችው ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከእሷ ይወስዳል። አንድ ጊዜ መጥቶ ያያል፣ ካልሆነ ከሌላ ቦታ ያስመጣል። እሷም ጊዜ ሳታጠፋ ለአጠባ ክፍሉ አለቃ «የሚቀጥለው ወር የመጨረሻዬ ነው» ብላ ነገረች። ነገሩ ሳይጨበጥ መናገሯ አስፈርቶኝ ነበር። እሷ ግን ያን ሰሞን ቧንቧው ላይ ስትታጠብ እንኳ ታንጎራጉር ነበር።

ችግሩ መኖው ነበር። ከመኖ ፋብሪካ የሚመጣው እንክብል ጥንቸሏን ያሳድጋል፣ ባለቤቷን ያደኸያል። ግልገል ጡት ከጣለ በኋላ ጠገብኩ አያውቅም፤ ቀን ከሌት ይቆረጥማል። እንክብል ብቻ እየቆረጠመ ሁለት ኪሎ ደርሶ ቢሸጥም የበላውን አይመልስም። ስለዚህ ባለቤቴ ፊቷን ወደ እኔ ፋብሪካ አዞረች። ስንዴ ሲፈጭ ልጣጩ ፉርሽካ ይሆናል፤ ከልጣጩና ከዱቄቱ መሃል የሚቀረው ደቃቅ ደግሞ ፉሩሽኬሎ ነው። ሁለቱንም ለሠራተኛ በርካሽ ይሸጡልናል። አንድ የእንስሳት ባለሙያ የሰፈሩን አርቢዎች ለሁለት ቀን ሲያሰለጥን የሰማችውን ደብተር ላይ ጽፋ ነበርና፣ እሱን እያየች እንክብሉን መቀነስ፣ ፉርሽካውን መጨመር ያዘች። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት እጅ አንዱን፣ በሁለተኛው ሁለቱን፣ በሦስተኛው ሦስቱን። ፉሩሽኬሎውን ግን በማንኪያ ጫፍ ነበር የምትነካው፤ «ደቃቅ ሲበዛባቸው ሆዳቸው ይነፋል» እያለች። በውሃ ረጠብ ታደርገውና ጨብጣ ትፈትነዋለች። ጭብጡ እጇ ላይ ጥቂት ቆይቶ ከፈረሰ ልክ ነው፤ ካልፈረሰ ውሃ በዝቶበታል፣ ይሻግታል። ደረቅ ሣር ደግሞ ከሳጥናቸው ጠፍቶ አያውቅም።

አርብ አርብ አንድ በአንድ ትራስ ልብስ ውስጥ እየከተተች ትመዝናቸዋለች። የኔ ትራስ ልብስ ነበር፤ ሌላ ገዛሁ። በሰባተኛው፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት ክብደታቸው ባለሙያው ለእንክብል በሊታዎቹ ከሰጣት ሠንጠረዥ ጋር እኩል ሄደ። ደስታዋን ብታዩ!

«አየህ ሳሙናዬ፣ እናንተ የጣላችሁት ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው» ብላ የአንዱን ጀርባ እንድዳስስ ሰጠችኝ። በጓንት ዳሰስኩት።

አስረኛው ሳምንት ሲገባ ሌላ ከተማ ያለችው ታናሽ እህቷ በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ የሚያስታምማት ሰው አልነበራትም። ባለቤቴ ከሥራዋ የቀራትን ፈቃድ ወስዳ ለሁለት ሳምንት ሄደች። ስትወጣ መኖውን በአስራ አራት ከረጢት መዝና አስቀምጣልኝ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን ጽፋ ነበር።

«እንዳለ ቀጥል» አለችኝ በር ላይ። «ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ። ደግሞ እንዳታጥባቸው!»

«ምን አጠባቸዋለሁ፣ ልነካቸው ነው እንዴ?»

«አንተን አምኜ ነው የምሄደው እንግዲህ» አለች። እየሳቀች ነበር፣ ግን የእኔንም ፊት ታይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻዬን ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ። አንዱ ግልገል ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ጎንበስ አለ፣ አንገቱን በእግሮቹ መሃል ቀበረ፣ አፉን መቀመጫው ላይ አደረገና የሆነ ነገር ሳበ። እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለስላሳ ነገር ነበር። ሳያኝክ ዋጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አፍንጫውን እያርገበገበ አየኝ። ሻዬን ባልዲ ውስጥ ደፋሁት። ዞር ስል ጎረቤቱም ጎንበስ ብሏል። ቀጥሎ ሦስተኛው። አስራ አምስቱም የራሳቸውን እዳሪ፣ ገና ትኩሱን፣ ከምንጩ ይበሉ ነበር። ደጅ ወጥቼ ቧንቧው ላይ ተጉመጠመጥኩ፤ እኔ የበላሁ ይመስል።

ለባለቤቴ ደወልኩላት። «እዳሪያቸውን እየበሉ ነው!»

በስልኩ ውስጥ ሳቋ ጆሮዬን በጠሰው። «ተዋቸው። ሁለተኛ ማሳለፋቸው ነው። ለስላሳውን ነው የሚበሉት፣ ደረቁን አይነኩትም። ፉርሽካ እንዲያ ሁለቴ ሲያልፍ ነው የሚረባቸው።»

«ቀልዱን ተይው።»

«እውነቴን ነው! ባለሙያው ነው ያለን።»

የበሬው ካልሲ ትዝ አለኝ። እራቴን ባስተወችኝ ጊዜ ሁሉ «እውነቴን ነው» ነበር የምትለው። ስለዚህ አላመንኳትም። እውነት እንናገር ከተባለ ደግሞ ማመን አልፈለግኩም። እዳሪውን የሚበላ ነገር ግድግዳዬን ተደግፎ ማደሩን እያወቅኩ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ የሚያብለጨልጭ ዘለላ ይመጣብኛል። የሚበሉት ርቧቸው ነው፣ ከራባቸውም ፉርሽካው ስላልበቃቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆቴሉ ውስጥ ሳህን ላይ ቀርበው ሰው ሲበላቸውም ታየኝ።

በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ለቀበቶ ነገርኩት። ማሽኑ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ኮሌታ አድርግላቸዋ!» አለኝ። «የጎረቤቴ ውሻ ቁስሏን እንዳትልስ ሐኪሙ የላስቲክ ኮሌታ አጥልቆላት ነበር። አንገቷ ካልዞረ ምን ታመጣለች?»

ሊያሾፍብኝ ነው ያለው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ለካ መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ሰዓት ስቆጥር ዋልኩ።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ የዘይት ጀሪካኖች ለቃቅሜ ቤት ገባሁ። አጠብኳቸው። በመቀስ ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፣ መሃላቸውን በአንገት ልክ በሳሁ፣ ጠርዛቸው እንዳይቆርጣቸው በፕላስተር ለበጥኩ። ጭካኔ የለብኝም እኮ። ጓንት ደርቤ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ አንድ በአንድ አጠለቅኩላቸው። ሁለቱ ቧጨሩኝ፣ አንዱ ሸናብኝ፣ እኔም ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ስጨርስ አስራ አምስቱም ደረታቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን አቅንተው ሚዜ መስለው ቆሙ። በጣም ኮራሁ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም፤ ስትመጣ ንጹሕ ጥንቸል አሳይቼ ላስገርማት ነበር ሐሳቤ።

ከዚያ በኋላ ለስላሳው ነገር ወለሉ ላይ ይወርድ ጀመር። ሽታው ከሽንቱ ይብስ ነበር፤ ጎምዛዛ፣ የተበላሸ ሊጥ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ዝንብ ወረረን። ጠዋትና ማታ እፍቃለሁ፣ አፍንጫዬን ይዤ በባልዲ አወጣለሁ። ቢሆንም ወደ አፋቸው አልተመለሰም ብዬ እጽናናለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አርብ መጣ፣ መዘንኳቸው። በሳምንት ውስጥ የአንድ እንቁላል ክብደት እንኳ አልጨመሩም። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አንድ ኪሎ ስኳር ሰቀልኩበት፤ ልክ አንድ ኪሎ ነው። ጀርባቸውን ስነካ አጥንታቸው በጓንቱ ውስጥ ተሰማኝ። አሁን ደነገጥኩ። ባለቤቴ የመዘነችውን ከረጢት ትቼ ወፍራም ነገር ላብላቸው አልኩና ፉሩሽኬሎውን በጣሳ ጨመርኩበት። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛቸው። ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ኮሌታው ላይ ሳይቀር ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጥርሱን እያፋጨ ሞተ። በአራት ላስቲክ ጠቅልዬ አወጣሁት። እጄን እየታጠብኩ ሳለ ግልገሉ ሳይሆን እጄ ነበር ያሳሰበኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታውቁኝ ነው።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ሥራ ላይ ነው። ወንፊቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። የእኔ ሥራ ምንድን ነው? ስንዴው ከወፍጮው ወጥቶ ወንፊቱ ላይ ሲደርስ ዱቄቱ ያልፋል፤ ዱቄቱ ገና ያልተላቀቀውን ልጣጭ ደግሞ በቧንቧው ወደ ወፍጮው እመልሰዋለሁ። እንደገና ይፈጫል፣ እንደገና ይነፋል። ያ መስመር ቢዘጋ ግማሹ ዱቄት ከፉርሽካው ጋር ተጥሎ ይቀራል። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን መስመር የጠበቅኩት እኔ ነኝ። በፋብሪካው ቋንቋ ስሙ ሁለተኛ ማሳለፍ ነው። ባለቤቴ በስልክ ያለችኝ ቃል ለቃል ይኸው ነበር። ማዞሪያውን ለቅቄ ቆምኩ። ቀበቶ «ምነው፣ ነቀዝ አየህ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ቤት ሮጬ ኮሌታዎቹን አወለቅኩ። ባለቤቴ ልትመጣ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ግልገሎቹ አንገታቸው ነፃ እንደወጣ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወዲያው መቀመጫቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። አሁንም አቅለሸለሸኝ። አላየህም እንዳትሉኝ፣ ቆሜ አየሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ዕቃ ቤት ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዱን አነሳች፣ ያዘች፣ መለሰች። ሌላውን አነሳች።

«ከስተዋል» አለች። «አንዱስ?»

«ሞተ። ሆዱ ተነፍቶ።»

«ምን አበላሃቸው?»

«እንዳልሽኝ» አልኳት።

ሻንጣዋን አስቀምጣ ፉሩሽኬሎውን ከገንዳቸው ጠረገች፣ ደረቅ ሣር ጨመረችላቸው፣ ውሃቸውን ቀየረች። ማታ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እኔም ፈቀቅ ብዬ ተኛሁ።

ሼፉ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ሽቶና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የሚሸት ወፍራም ሰው ነው። የትንሿ ጣቱን ጥፍር አሳድጓል፤ በዚያ ጥፍር ጆሮውን ሲጠርግ፣ ያወጣውንም ሲመለከተው አየሁ። መሐረቡ ላይ ተናፈጠና ያንንም አይቶ አጠፈው። የሰው ምግብ የሚሠራው ይህ ነው። ባለቤቴ ግን ንጹሕ ልብሷን ለብሳ፣ ደብተሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ ተማሪ መስላ ቆማ ነበር። ሳያት አንጀቴን በላችው።

የመጀመሪያውን ትራስ ልብስ ውስጥ ከተተችው። ኪሎ ከስድስት መቶ። ሁለተኛው ኪሎ ተኩል። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እንዲያው ነው። ሼፉ ሌሎቹን አላስመዘነም። የአንዱን ጀርባ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀ።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የምታበያቸው?»

«ፉርሽካ ነው» አለችው። «ትንሽ ፉሩሽኬሎ፣ ጥቂት እንክብል፣ ደረቅ ሣር። እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ከእንክብል በሊታ እኩል ነበሩ፤ ይኸው ደብተሩ፣ ይዩት።»

ሼፉ ደብተሩን ተቀብሎ በትልቁ ጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንባቢ ሰው ነበር። «እውነትሽን ነው፣ ጥሩ ነበሩ» አለ። «ታዲያ ከዘጠነኛው ወዲህ ምን ነካቸው?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ሳልኖር የቀለባቸው እሱ ነው፤ እሱ ይንገርዎ።»

ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈለግብኝ፤ ኮሌታ አድርጌባቸው ነበር ማለት። ቃሉን አፌ ላይ አመጣሁት። ከዚያ ሼፉ ሲስቅ ታየኝ፤ ሆቴሉ ሲስቅ፣ ሰፈሩ ሲስቅ፣ ሳሙና ለጥንቸል ኮሌታ ሰፋ ተብሎ ፋብሪካው ዓመት ሙሉ ሲስቅብኝ ታየኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ብል እንኳ ምንኛ በተሻለኝ። አፍ ሲከዳ ግን ከሎሌ ይብሳል።

«ፉርሽካው ይሆናላ» አልኩ። «ፉርሽካ ምን ጉልበት አለው? እኛ እኮ የምንጥለው ነገር ነው።»

ሼፉ ደብተሩን ዘጋ። «የት ትሠራለህ?»

«ዱቄት ፋብሪካ።»

«በቃ፣ የሙያው ሰው ከመሰከረ እኔ ምን እጨምራለሁ» አለና ደብተሩን ለባለቤቴ መለሰላት። «እህቴ፣ ርካሽ መኖ ርካሽ ሥጋ ነው። ለፍተሻል፣ አያለሁ። ግን እኔም ዛሬውኑ ከሌላ ቦታ ማዘዝ አለብኝ፤ ቅር እንዳይልሽ።»

እስከ በር ሸኘችው። አመሰገነችው እንኳ። እኔ ከአስራ አራት ጥንቸሎች ጋር ዕቃ ቤት ውስጥ ቀረሁ። ስትመለስ የምትጮህ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ አንዱን ጭኗ ላይ አደረገችው፣ ጆሮውን ማሻሸት ያዘች።

«አውቄ ነበር እኮ» አለችኝ። «ሐሙስ ገና እንደገባሁ። አንገታቸው ዙሪያ ፀጉር የለም፣ የአስራ አራቱም። ኮሌታዎቹንም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አይቻቸዋለሁ። አጥበህ ነው የጣልካቸው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተ እንድትናገር።» ጥንቸሉን ወደ ሳጥኑ መለሰችው። «ቢስቅብህ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ከዚያ ሌላ ሁለት ወር ስጠኝ እለው ነበር፤ ደብተሩን አይቷል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሰጠኝ ነበር። ጥፋትማ ሰው ሁሉ ይሠራል። አንተ ግን ፉርሽካውን ሰደብክብኝ።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጸይፌያለሁ። ነቀዝ፣ ፀጉር፣ የሰው ሳሙና፣ የሰው ማንኪያ፣ የሼፉን ጥፍር፣ የሚስቴን እጅ። ሽንፍላ ቢያጥቡት አይጠራም የሚባለውን ተረት ለእሷ ሥራ ስተርትባት ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን የተጸየፍኩት ራሴን ነው። ምላሴን አውጥቼ በብሩሽ ብፍቀው ደስ ባለኝ።

«ሆቴል ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ» አልኳት።

«ሂድ» አለችኝ። ማመንም አለማመንም ድምፅዋ ውስጥ አልነበረም።

እሑድ ሄድኩ። ሼፉን ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ የድንች ልጣጭ ክምር አጠገብ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ እዳሪውን፣ ኮሌታውን፣ ፉሩሽኬሎውን በጣሳ መጨመሬን። እንደፈራሁት አልሳቀም። ራሱን ነቀነቀ።

«ትናንት እዚያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። «ከሰዓት በኋላ ከሌላ ሰው ጋር ለዓመት ተፈራረምኩ። እንክብል ነው የሚያበላው፣ ውድ ነው፣ ግን ተፈራርሜያለሁ። ሚስትህ ግን ጎበዝ ናት፣ ይህን ንገራት።»

ነገርኳት። ሰምታ «እሺ» አለች፣ ለጥንቸሎቹም ሣር ጨመረች። ማታ ለአጠባ ክፍሉ አለቃ ደወለች። ቦታዋ አልተያዘም። በስልኩ ውስጥ አለቃዋ ስትስቅባት፣ እሷም አብራ ልትስቅ ስትሞክር ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ሽንት፣ ፉርሽካና በረኪና በሚሸተው ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ጠበቅኳት። የጎማ ቦቲዋን አድርጋ መጣች። የሥራ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ሽርጡና የምትፍቅበት ቢላዋ ያሉበት፣ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ የማይለይ፣ ሽታው ግን ከሩቅ የሚለይ ቦርሳ። እስከ ታክሲው ልሸከምላት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጓንት አላደረግኩም ነበር።

ፈጥና ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«ተወው፣ ትቆሽሻለህ» አለችኝ።

ልታሾፍብኝም፣ ልትቀጣኝም አልነበረም። እንደ ወትሮዋ ተጠንቅቃልኝ ነው።